ልጓም ሲቀየር

ልጆቼ፣ እስኪ ጠጋ ጠጋ በሉ። ጉሙ ከጓሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሳይውጠው፣ ብርዱም በርኖስ ሳያስደርበን የምላችሁ አለኝ።

ሰሞኑን አንድ የጎረቤቴ ልጅ ቤቴ መጣ። ጉልበቴን ስሞ ተቀመጠና ቡናው ከአቦል ወደ ቶና እስኪያልፍ ድረስ ዝም አለ። በኋላ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር" አለኝ። ለዓመታት ያጠራቀማትን ገንዘብ አውጥቶ አንድ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ገዝቷል፤ ያቺን "አርባ" የሚሏትን፣ ክብ ዓይን ያላትን። የፊት ፍሬኗ እንደ ድሮው ታምቡሮ ነው። እሱን አውልቆ በዲስክ ሊያስቀይር አስቧል። አንድ በያጅ ደግሞ "መያዣውን ከወፍራም ላሜራ ቆርጬ፣ የፊት እግሯ ላይ በይጄ፣ ከሌላ መኪና የወለቀ ዲስክ እገጥምልሃለሁ፤ በሁለት ቀን ትወስዳታለህ" ብሎታል። ዋጋው ቀላል ነው። ልጁም ቸኩሏል። ከፋሲካ በፊት ከመሐል ሜዳ ግሼ ራቤል ሰው ማመላለስ ይፈልጋል።

ያን ዕለት "ሰንብተህ ና" ብዬ ሸኘሁት። መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም፤ ጥያቄው የእሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። በአገራችን መኪና ያለው ጥቂት ነው፤ የሚሳፈረው ግን ሁላችንም ነን። ነፍሰ ጡሯ ወደ ሐኪም ቤት፣ ተማሪው ወደ ደብረ ብርሃን፣ ነጋዴው በጉን ይዞ ወደ ገበያ። "ምክር የሌለው ንጉሥ ያላንድ ዓመት አይነግሥ" ይላሉ አባቶች። መሪ የጨበጠ ሰው ተሳፋሪው እስኪወርድ ድረስ ንጉሥ ነው፤ የስንቱ ነፍስ በአንድ እግሩ ሥር ናት። ስለዚህ ለእሱ የምለውን ሁላችሁም ስሙኝ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ዲስኩን አልቃወምም። "ቀድሞ ከበቀለ ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠ" እንደሚባለው፣ ዘግይቶ መጥቶ ታምቡሮን የበለጠው በከንቱ አይደለም። ታምቡሮ ስሙ እንደሚነግራችሁ ከበሮ ነው። ጨረቃ የመሰሉ፣ ሸራ የለበሱ ሁለት ብረቶች ከውስጥ ሆነው ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፉታል። የተነሣው ሙቀት ግን መውጫ የለውም፤ አክንባሎ እንደተደፋበት ምጣድ ውስጥ ለውስጥ ይግላል። ብረት ሲግል ይሰፋል። ከበሮው ሰፍቶ ከሸራው ሲሸሽ ነጂው ፔዳሉን ወደ ታች እየረገጠ ያሳድደዋል፤ ሸራውም ከልክ በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይከዳዋል። ዲስክ ግን ገላውን ለነፋስ የሰጠ ሳህን ነው። ካሊፐር የሚሉት እንደ አንጥረኛ ጉጠት ከሁለት ወገን ይቆነጥጠዋል። ሲግል ወደ ሸራው ይወፍራል እንጂ አይሸሽም። ከወንዝ ሲወጣም ውሃውን እየተሽከረከረ ያራግፈዋል፤ ታምቡሮ ግን ውሃ ከጠጣ እስኪደርቅ ድረስ እምነት አይጣልበትም።

ነገሩ የትናንት ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር ሐሳቡን በስሙ ያስመዘገበው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛው የአንጎለላ ልጅ አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ ላይ የተቀበሉት በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ነውና፣ ሐሳቡ ለአገራችን መኪና ታላቅ ወንድም ነው ማለት ነው። ቢሆንም ሃምሳ ዓመት ያህል የሚገባውን ክብር ሳያገኝ ቆየ። በ1953 እ.ኤ.አ. ጃጓር በፈረንሳይ የለ ማንን የሃያ አራት ሰዓት ውድድር በዲስክ ፍሬን ሲያሸንፍ ነው ዓለም ልብ ያለው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲትሮኤን ዲኤስ ከፊት ዲስክ ይዞ ወጣ። እኔ የነዳሁት ላንድሮቨር ግን አራቱም እግሩ ታምቡሮ ነበር። ፋብሪካው ለዚህ ዓይነቱ ላንድሮቨር ከፊት ዲስክ የሰጠው በ1983 እ.ኤ.አ. ዋን ቴን የተባለውን ሲያወጣ ነው። ቶዮታም ለአርባዋ የሰጣት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ላይ ነው። እንግዲህ ያ ልጅ የተመኘው ፋብሪካው ራሱ በኋላ ያደረገውን ነው። ምኞቱ ትክክል ነው። እኔን ያሳሰበኝ መንገዱ ነው።

መጀመሪያ ግን መሬታችንን እዩት። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር፣ ጣልያን በወረራው ዘመን ከቦረቦረው ዋሻ ወጥታችሁ፣ በደብረ ሲና በኩል ሸዋሮቢት ስትደርሱ ከ1,700 ሜትር በላይ ወርዳችኋል። በርኖስ ለብሶ የተነሣ ሰው በሸሚዝ ይገባል። መርሐቤቴም እንዲሁ ነው፤ ከለሚ አፋፍ ተነሥታችሁ ጀማ ድልድይ እስክትደርሱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ዓለም ከተማ ዳገቱ። አንድ የፊዚክስ መምህር አስልቶ ነገረኝ። ከነጭነቷ ሁለት ሺህ ኪሎ የምትመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር በፍሬን ብቻ ብትወርድ፣ በፍሬኗ ላይ የሚከማቸው ሙቀት ከሃምሳ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሁለት እንስራ ሙሉ ውሃ! ያ ሁሉ እሳት እጅ በማታክል ሸራና በብረቱ ላይ ነው የሚነደው።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ ለልጆቼም ሳልደብቅ ነግሬአቸዋለሁ። በወጣትነቴ ከለሚ ወደ ጀማ ስወርድ ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ማርሹን ሞርቶ አደረግሁና በፍሬን ብቻ ለቀቅኋት። ስምንት ሰውና ሁለት ጆንያ ጨው ጭኛለሁ። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ እንደተቃጠለ ቀንድ ያለ። ቀጥሎ ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ወጣ። ከዚያ ፔዳሉ እግሬ ሥር ላመ፤ ደግሜ ስረግጠው ወለሉን ነካ። ረዳቴ ድንጋይ ታኮውን ይዞ ዘለለ፤ ጎማው ታኮውን እንደ ቆሎ ፈነጠረው። በስንት ግፊያ ማርሹ ገባልኝና መኪናዋን ከገደሉ ወገን አዙሬ ከተራራው ግንብ ጋር አፋተግኋት። በሩ ተጨራመተ፤ ሰው ተረፈ። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ወረደችና መንገድ ዳር ተቀመጠች። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም፤ ዝም ብላ አየችኝ። ብትረግመኝ በቀለለኝ ነበር። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየ በሬ የሆንሁት ለጥቂት ሊትር ነዳጅ ነው።

ያን ቀን ዲስክ ቢኖረኝ ኖሮ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ምናልባት ፍሬኑ ጥቂት ኪሎ ሜትር ጨምሮ ይታገሰኝ ነበር። በዚያ አነዳድ ግን ጀማ ድልድይ በሰላም የምደርስ አይመስለኝም። ቁልቁለትን የሚይዘው ማርሽ ነው፤ ፍሬን ማርሹን ያግዛል እንጂ አይተካውም። ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ፤ ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ፍሬኑ ሳይግል ማርሹን ማክበድ፣ ሽታው ሳይመጣ ደልዳላ ስፍራ ፈልጎ ማረፍ።

አሁን ወደ ልጁ ነገር ልመለስ። ፈረስ የምታውቁ መንዞች ናችሁና በፈረስ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ለፈረሱ ብርቱ ልጓም ገዛ እንበል። የልጓሙ ማሰሪያ ግን የነተበ ጠፍር ነው። የኮርቻው ጠፍርም ላልቷል። ፈረሰኛው በሙሉ ጉልበቱ ሲስብ ማን ይበጠሳል? ልጓሙ አይደለም። ብርቱ ነገር ደካማውን ያሳጣዋል እንጂ አያበረታውም። የፊት ፍሬንም እንዲሁ ነው። መኪና ስትቆም ክብደቷ ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ ከማቆሙ ሥራ ከግማሽ በላይ የሆነውን፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስተኛውን የሚሸከሙት የፊት ጎማዎች ናቸው። ሳህኑ ሲያዝ ኃይሉ ወደ ካሊፐሩ፣ ከካሊፐሩ ወደ መያዣው፣ ከመያዣው ወደ ጎማው እግር፣ ከዚያ ወደ ባሌስትራው፣ በመጨረሻም ወደ ሻንሲው ይሄዳል። አንዱ ቢላላ ሁሉም ይላላል። ባሌስትራው ተሰንጥቆ፣ ቡሹ ተበልቶ፣ ኩሽኔታው ተንገጫግጮ፣ ቴስቲናው ላልቶ ሳለ ብርቱ ፍሬን መግጠም በበሰበሰ ማገር ላይ ቆርቆሮ መምታት ነው። ስለዚህ ልጄ፣ ዲስኩን ከመግዛትህ በፊት መኪናዋን በክሪክ አንሥተህ ጎማዋን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዛት። የሚንቀጫቀጭ ነገር ካለ ገንዘብህ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ያ በያጅ "ከላሜራ ቆርጬ" ያለው ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ብየዳን አላንቋሽሽም፤ ብዙ ገበሬ ማረሻውን፣ ብዙ ቤትም በሩን ያቆመው በበያጅ እጅ ነው። ነገር ግን ማረሻ ቢሰበር ጥማዱ ይቆማል፤ የፍሬን መያዣ ቢሰበር መኪናው አይቆምም። በእሳት የተያያዘ ብረት ከብየዳው መስመር አጠገብ ባሕርዩ ይለወጣል፤ አንዳንዱ ይደርቃል፣ እንደ ደረቀ አጥንትም ባልታሰበ ቀን ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ደግሞ በጭቃና በቀለም ተሸፍኖ ይሰነብታል። ሳህኑም ልኩን ይፈልጋል። የአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ያህል ቢወላገድ እንኳ ፔዳሉ እግር ሥር መርገብገብ ይጀምራል። ይህ በዓይን ግምት የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ቶርኖ ቤት፣ መለኪያና የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ያሉት ለካህን ብቻ አይደለም።

ታዲያ ከየት ይምጣ? አባቶች መልሱን ትተውልናል፦ "ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ"። አርባዋ ዘመድ አላት። ከፋብሪካ ዲስክ ይዘው የወጡት የኋለኞቹ አርባዎች አሉ፤ ከእነሱ ቀጥላ የመጣችው ስልሳዋ አለች። የሚያውቁ መካኒኮች መያዣ ቆርጠው አይበይዱም፤ ከዘመዷ የፊት እግር ላይ ማጠፊያውን ከነካሊፐሩ፣ ከነሳህኑ፣ ከነማዕከሉ አንድ ላይ አውርደው በቡሎን ይገጥሙታል። ፋብሪካው ለክቶ፣ ጭኖ፣ ሰብሮ የፈተነው ዕቃ ነው። ዋጋው ይበልጣል። አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ወርዶ መለቃቀምን ይጠይቅ ይሆናል፤ ጊዜም ይፈጃል። ይፍጅ! ቡሎኑም የፍሬን ቡሎን ይሁን፤ ጥንካሬው በራሱ ላይ በቁጥር የተጻፈበት እንጂ ከበር ማጠፊያ የተረፈ አይሁን። ደግሞ ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ ቀይር። ጉልበተኛ በሬ ከሰነፍ ጋር ሲጠመድ ቀንበሩ እንደሚጣመም፣ አንድ ወገን የበረታ ፍሬንም መሪውን ከእጅህ ይነጥቅሃል፤ ጀማ ላይ መሪ ወደ ግራ ሲነጠቅ ወዴት እንደሚያደርስ ታውቃለህ።

ዕቃው ቢገኝም ነገሩ አላለቀም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዲስክ እንደ ታምቡሮ ራሱን በራሱ አያግዝም። በታምቡሮ ውስጥ የጎማው መዞር ሸራውን ይበልጥ ስቦ ያጣብቀዋል፤ ዲስክ ግን ከእግር የሚመጣለትን ግፊት ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ብርቱ ግፊት ይፈልጋል። አሮጌው የፍሬን ፖምፓ ለታምቡሮ የተሰፋ ልብስ ነው። ዲስክ የሚጠጣውን ዘይት ያህል ላይሰጥ ይችላል። በውስጡም ከታምቡሮው መስመር ጥቂት ግፊት እንዳይወጣ የሚይዝ ቫልቭ ይኖረዋል፤ ያ ቫልቭ በዲስኩ መስመር ላይ እንዳለ ሲተው ሸራው ከሳህኑ ሳይላቀቅ እየፋቀ ይኖራል፣ ሜዳ ላይ እንኳ እየጋለ። ፖምፓው አብሮ ይቀየር። የኋላው ታምቡሮም ዝም ብሎ አይተው። ፊቱ በረትቶ ኋላው ልኩ ካልተበጀለት፣ በክረምት ጭቃ ላይ የኋላ ጎማ ይታሰርና ኋላው ፊቱን ሊቀድም ይሞክራል። ሞላሌ መንገድ ላይ እንዲያ ዞሮ የቆመ መኪና አይቻለሁ፤ ፊቱን ወደ መጣበት አድርጎ። ቱቦውም ይታይ፦ መሪው እስከ ዳር ሲጠመዘዝ፣ ባሌስትራውም ሲንጠለጠል የማይወጠር፣ ጎማውንም የማይነካ ርዝመት ይኑረው። የድሮው ቸርኬ ከካሊፐሩ ጋር ሊጋጭ ይችላልና ጎማው ገብቶ በእጅ ይዙር፤ የብረት ድምፅ ከተሰማ ቸርኬውን መለወጥ እንጂ ካሊፐሩን መሞረድ ኃጢአት ነው።

አሁን ለእኛ ለደጋ ሰዎች ብቻ የሚሆን አንድ ነገር አለኝ፤ ከቆላ የመጣ መካኒክ ላያስበው ይችላል። እግርን የሚያግዘው ሰርቮ ጉልበቱን የሚያገኘው ከአየር ክብደት ነው። በአንድ ወገኑ አየሩ ይመጠጣል፤ በሌላው ወገን የውጭው አየር ገፍቶ እግራችንን ያግዘዋል። የእኛ አየር ግን ቀጭን ነው። ባቄላ መሐል ሜዳ ላይ ከሸዋሮቢት ይልቅ ለመብሰል የሚዘገየው ለዚህ አይደለም? በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ ሰባ እጅ ያህል ነው፤ ጓሳ ላይ ደግሞ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ስለዚህ የሰርቮውም እገዛ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሸዋሮቢት ሜዳ ላይ "እግር ሳይነካው ያዘ" የተባለለት ፍሬን ጓሳ ላይ እግር ይከብደዋል። ትንሽ ሰርቮ አትግጠም፤ የመምጠጫ ፖምፓውን ጤንነትም አረጋግጥ። ቁልቁለት ላይም ሞተር የሚያጠፋ ሰው እገዛውን በገዛ እጁ ገደለው፤ አንድ ሁለት ጊዜ ከረገጠ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንበታል።

ስለ ፍሬን ዘይት ብዙ አልልም፤ የምለው ግን ከባድ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። በጉማችንና በዝናባችን መካከል ሲከርም ቀስ በቀስ ውሃ ይደባለቀዋል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይታገሣል፤ ውሃ ከጠጣ ግን ልኩ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ከፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ያኔ የእኔ ፔዳል ወለል የነካው በዚህም ጭምር ነው፤ በኋላ ስንቀዳው እንደ አተላ ጠቁሮ ነበር። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። የሞተር ዘይት የሚጨምርበት ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት፤ በፖምፓው ውስጥ ያሉትን ጎማዎች አሳብጦ ፍሬኑን ያንቀዋል።

"ይህን ሁሉ ገንዘብ ከየት ላምጣ?" የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ያዘነ ልብ ይዤ ነው የምመልሰው። ካልተቻለ አትቀይር። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" እንዳይሆንብህ። ታምቡሮ ርኩስ ነገር አይደለም። ሸራው በጊዜው ተለብጦ፣ ከበሮው ቶርኖ ቤት ተስተካክሎ፣ ማስተካከያው በየጊዜው ተጠብቆ፣ ዘይቱ ተቀይሮ፣ በከባድ ማርሽ ከወረዱበት አባቶቻችሁን ጣርማ በርን አሻግሯቸዋል። በደንብ የተያዘ ታምቡሮ በችኮላ ከተበየደ ዲስክ ይበልጣል። ይህን ቃሌን በየትም ቦታ እደግመዋለሁ። ቦሎ ተለጠፈልኝ ብለህም አትኩራ፤ ምርመራው በዓመት አንድ ቀን ነው፣ ቁልቁለቱ በየቀኑ ነው። ሥራው ሲያልቅ ለመርማሪዎቹ "ይህን ለውጫለሁ" ብለህ በግልጽ አሳይ። የተደበቀ ለውጥ የሚገለጠው በአደጋ ቀን ነው።

ጋራዥ የከፈታችሁ ልጆች ደግሞ ይህን ስሙኝ። የማታውቁትን "አላውቀውም" ማለት ደንበኛ ያስቀራል ብላችሁ አትፍሩ። እኔ እምቢ ያለኝን መካኒክ ነው የማከብረው። ደብረ ብርሃን ላይ አንዱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የተሰነጠቀ የፊት እግር ይዤ ስሄድ "ይህን አልበይድም፤ አዲስ አምጣ፤ ካላመጣህ ይዘህ ሂድ" አለኝ። ተቆጥቼ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን አዲሱን ይዤ ተመለስሁ። ያች መኪና ከእኔ በኋላ ሁለት ባለቤት አገልግላለች።

ተሳፋሪዎችም ከዚህ ነገር ነጻ አይደላችሁም። "ንዳው እንጂ፣ መሸ!" የምንል እኛ ነን። በትርፍ ላይ ትርፍ ስንጭን ደስ የሚለን፣ ነጂው ለፍሬን ማረፊያ ሲቆም የምናጉረመርም እኛ ነን። "ውሃን ምን ያስጮኸዋል? ድንጋይ" ይባላል። ፍሬን ሲያፏጭ፣ ሲፋጭ፣ ሲሸት ዝም አትበሉ፤ "አቁምና ይታይ" በሉ። ነጂውን ማሳፈር አይደለም፤ ማገዝ ነው።

የመንዝ ሰው ራስን መግታትን ከማንም አልተዋሰም። ጓሳን እዩት። አባቶቻችን ቀሮ ብለው ሣሩን ለዓመታት ሲዘጉ፣ ጎጆው ክዳን ፈልጎ፣ ከብቱ ተርቦ ሳለ ማጭዳቸውን ሰቅለው ቆይተዋል። የተፈቀደው ቀን ሲደርስ ነው ሁሉም በአንድነት የገባው። ያ ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ዘለቀ፤ በኋላም ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ ጥበቃውን መልሶ አቆመው። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬ በዚያ ያሉት እጃቸውን መያዝ የቻሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ለሣር አምስት ዓመት የታገሠ ሕዝብ ልጅ ለፍሬን አንድ ወር መታገሥ ያቅተዋል? "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ልጄ። ፋሲካ በየዓመቱ ይመጣል።

ያ ልጅ ትናንት ተመለሰ። የነገርኋችሁን ሁሉ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና "ስልሳዋን አፈላልጋለሁ ጋሼ፤ ካጣሁ ታምቡሮውን አሳድሳለሁ" አለ። መረቅሁት። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቅሁት፤ ለእናንተም እነግራችኋለሁ። የትኛውንም ቢገጥም፣ አዲስ ሸራና አዲስ ብረት እንደ ወይፈንና ቀንበር እስኪላመዱ ድረስ ሰው አይጭንም። መጀመሪያ ባዶዋን፣ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ፤ ሃያ ሠላሳ ጊዜ እየነዱ ረጋ ብሎ ማቆም፣ በየመካከሉም ማቀዝቀዝ። ከዚያ ወርዶ ቡሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ፣ ቱቦዎቹን በእጅ መዳሰስ፣ ሁለቱ ሳህኖች እኩል መጋላቸውን እጅን አቅርቦ ማየት። ከዚያ በኋላ ትንሽ ቁልቁለት። ከዚያ ጆንያ ድንጋይ ጭኖ። ሰው የመጨረሻው ነው።

ልጄ፣ ሥራው ያለቀ ቀን ጎህ ሲቀድ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ላይ ጠብቀኝ። አብሬህ እቀመጣለሁ። ታኮውንም ከቤት ይዤ እመጣለሁ።